ትኩስ ነገር

እናቴ ከመኝታ ቤቷ ሆና «ስምረት፣ እስቲ ትኩስ ነገር አምጪልኝ» ስትለኝ ሻይ አፍልቼ ወሰድኩላት። ስኳር የሌለው፣ ቅርንፉድ ጣል የተደረገበት፣ ዓመታት ስትጠጣው የኖረችው ሻይ ነው። ብርጭቆውን አየችው፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ።

«ትኩስ እኮ ነው ያልኩሽ።»

«ትኩስ ነው፣ እማዬ። አሁን ከእሳት ማውረዴ ነው።»

«እሱ ነዋ ችግሩ» አለችና የሞተ አይጥ የነካች ይመስል ብርጭቆውን በሁለት ጣቷ ገፋ አደረገችው።

የፈለገችው ካሮት ነበር። ጥሬ፣ ያልተላጠ፣ አፈሩ በደንብ ያልለቀቀው ካሮት። «ትኩስ» የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ትርጉሙን መቀየሩን በትዕግሥት አስረዳችኝ። ትኩስ ማለት እሳት ያልነካው ማለት ነው፤ እሳት የነካው ሁሉ ሬሳ ነው፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ሬሳ ስበላ ኖሬያለሁ። ሻዩን ወደ ጓዳ መልሼ ራሴ ጠጣሁት። ለሬሳ ጥሩ ነበር።

እናቴ የኔነሽ የምድር ባቡር ልጅ ናት። አባቷ በጥገና ክፍል ሠርቶ ጡረታ ወጣ፤ እሷም ባቡሩ እስኪቆም ድረስ መዝገብ ቤት ሠራች። በቀላሉ የምትታለል ሴት አይደለችም። አንዴ «ዕጣ ደርሶሻል» ብሎ የደወለላትን አጭበርባሪ በስልክ ሃያ ደቂቃ አቆይታ፣ የእናቱን ስም ጠይቃ፣ መክራ አሰናብታዋለች። ግን ስኳር በሽታ ከያዛት ዘጠኝ ዓመት፣ ኢንሱሊን መውጋት ከጀመረች አምስት ዓመት ሆኗታል። ሐኪም ቤት ስትሄድ ካርዷን እንጂ ፊቷን የሚያይ አልነበረም። ከዚራ ወደሚባለው ሰፈር ስትሄድ ግን «እናታችን፣ እንዴት አደርሽ? ሆድሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ?» ተባለች። ሰው በዚህ ይሸነፋል። ሌላውን ሁሉ ብንቅም ይህን አልንቅም።

ከዚራ ያለው መምህር ኃይለመለኮት ይባላል። መምህር ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከሦስት ዓመት በፊት የቤት ክዳን ቆርቆሮ ይሸጥ እንደነበር የሚያስታውሱ ሰዎች አሉ። ዛሬ በባቡር ጊዜ ከተሠሩት ቪላዎች አንዱን ተከራይቶ፣ ሰፊው በረንዳ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ማክሰኞና ሐሙስ «የሕያው ማዕድ ጉባኤ» ያካሂዳል። ከአርባ ሰው አያንስም። ነጭ ይለብሳል፤ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ንግግሩን ሁልጊዜ የሚጀምረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ገነት ውስጥ ምድጃ አልነበረም።»

ሕዝቡ ይተነፍሳል። አንዳንዷ ዓይኗን ትጠርጋለች። ገነት ውስጥ ማይክራፎንም አልነበረም፤ እሱ ግን አንድ ይዟል።

ትምህርቱ ሲጠቃለል ይህ ነው፦ አዳም ፍሬ ይበላ ነበር፣ አልታመመም። ከገነት ሲወጣ እሳት አነደደ፣ ታመመ። እሳት የሲኦል ናሙና ነው። ወጥ የምትሠራ ሴት ሳታውቀው የሲኦልን ደጃፍ ቤቷ ውስጥ ከፍታለች። ምግብን እግዚአብሔር እንደሰጠን ብንበላው ሥጋችን በሽታን ራሱ ያባርራል፤ መድኃኒት የሚያስፈልገው እምነቱ ለበሰለበት ሰው ነው። «ለበሰለበት» ሲል ፈገግ ይላል፣ ቃሉ ገብቷችኋል ወይ እንደማለት። ይገባቸዋል።

የእናቴ የንስሐ አባት በሁዳዴ እንኳ «ሐኪም ያዘዘልሽን አትተዪ፣ ጾሙን እኔ እይዝልሻለሁ» ያሏት ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ይህን ባስታውሳት «እሳቸው ደግ ናቸው፣ ግን እንጀራ ይበላሉ» አለችኝ።

እኛ ቤት እንጀራ ቀረ። በምትኩ ገብስ በውሃ ተነክሮ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ሲበቅል ይበላ ጀመር። ስሙ «ሕያው እህል» ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በሕይወት ቢኖር ብቅል ይለው ነበር፤ ጠላም ይጠብቅ ነበር። ጥሬ ጎመን፣ ጥሬ ዱባ፣ አንድ ጊዜ ጥሬ ድንች። ደግሞ ይህ ሁሉ ድሬዳዋ ውስጥ ነው፣ ግንቦት ላይ፤ ጉልት ላይ የተሰጣ ጎመን እስከ እኩለ ቀን ራሱን በሚያበስልበት ከተማ። እሳት ያልነካው ነገር መፈለግ ካስፈለገ ሌላ አገር መሄድ ነበረብን።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የምግብ ሳይንስ ነው። ይህን ለመኩራት አይደለም የምጽፈው፤ የሚያኮራ ነገር አላደረግኩበትም። ሥራ አልያዝኩም ነበር፤ ሰው ፊት መናገርም አልችልም። እናቴን ለመጠበቅ ብዬ አብሬያት መሄድ ስጀምር፣ ኃይለመለኮት ትምህርቱን በየሳምንቱ በቴሌግራም የሚልክለት ሰው ይፈልግ ነበርና «እጅሽ መልካም ነው አሉ፣ ልጄ» አለኝ። እንቢ ማለት አፍሬ እሺ አልኩ። እሱ «ሕያው»ን በሀሌታው «ሀ» ይጽፋል፤ ነጠላ ሰረዝ አያውቅም። እኔ ሐመሩን «ሐ» አስገባሁ፤ ነጠላ ሰረዝ አስገባሁ፤ አራት ነጥብ አስገባሁ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው ያነበበው ውሸት የሰዋስው ግድፈት የለበትም። ለዚያ ኃላፊዋ እኔ ነኝ።

ጉባኤው ላይ አንድ የማውቀው ሰው አገኘሁ። ጋሽ ክፍሉ ይባላል፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ስለ ባክቴሪያ ያስተማረን ሰውዬ ነው። ያኔ እጁን ሳይታጠብ ላቦራቶሪ የገባ ተማሪ ያባርር ነበር። አሁን ከፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ያልታጠበ ሰላጣ በቅጠል በቅጠሉ ያኝካል። መጀመሪያ ሲያየኝ ማኘኩን አቆመ። ከዚያ ቀጠለ።

አትክልቱ የሚመጣው፣ እንደ ኃይለመለኮት አነጋገር፣ «ጸሎት ከሚደረግበት አትክልት ቦታችን» ነው። የት እንዳለ ማንም አልጠየቀም። እኔ ያወቅኩት ከፋዱማ ነው።

ፋዱማ ጎረቤታችን ናት፤ ግድግዳ ነው የሚለየን። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ከሐረማያ የሚመጣ ጎመንና ካሮት ትሸጣለች። በዕድሜ ከእናቴ ብታንስም እናቴን «የኔነሽ» ትላታለች፤ ማንንም አንቱ ብላ አታውቅም፣ ድሬ እንደዚያ ነው። አንድ ከሰዓት እኔና እናቴ ጉልቷ ጋ ቆመን ሳለ ስለ ጸሎቱ አትክልት ቦታ እናቴ ስትነግራት፣ ፋዱማ ሥራዋን ሳታቋርጥ አዳመጠች። ከዚያ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች።

«አቦ የኔነሽ፣ እሱ አትክልት ቦታ እኔ ነኝ» አለች።

ኃይለመለኮት በሳምንት ሁለቴ እየመጣ ከእሷ ይወስዳል። ጠዋት አይመጣም፤ ጠዋት የመጣው ትኩሱ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታውን ሊወስድ ይመጣል። ወስዶ ውሃ ይረጨዋል፤ ቀና ይላል። «ግን ብልጥ ነው፣ ወላሂ» አለች ፋዱማ። «እጁን ሳይከት አይወስድም።»

እጅ መክተት ምን እንደሆነ እናቴ ጠየቀች። ፋዱማ የእናቴን እጅ አንጓዋ ላይ ይዛ፣ አፉ የታሰረ የጎመን ጆንያ በጎን ከፍታ፣ እስከ ክንዷ አስገባቻት። እናቴ እጇን መዥረጥ አድርጋ አወጣች።

«ምነው! ይሄ እኮ ምጣድ ነው።»

«አየሽ? ከላይ አረንጓዴ ነው፤ ውስጡ ሞቋል። ጎመን ውስጡ ከሞቀ በቃ፣ አልቋል። ለፍየል ነው እሱ። ይሄን ቀፊራ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ያንቺ ሼህም ያውቃል፤ የሞቀ ጆንያ ሰጥቼው አያውቅም።»

«ሼህ አይደለም» አለች እናቴ፣ ተቀይማ።

«ቄስ ይሁን እሺ።»

«ቄስም አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?» አለች ፋዱማ፣ የእውነት ለማወቅ ፈልጋ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ መንገድ ጀመረች። ወደ ቤት ስንሄድ ግን ፋዱማ የምትቀናው ጉባኤው ትልልቅ ሰዎች ስላሉበት እንደሆነ ነገረችኝ። በነጋታው የጉባኤውን ጎመን ስታኝክ ትንሽ ቆም ብላ አየችው፤ ከዚያ ማኘኳን ቀጠለች። እሷና ጋሽ ክፍሉ በዚህ ይመሳሰላሉ።

ኢንሱሊኑ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ኃይለመለኮት አንድ ሐሙስ ስለ ቅዝቃዜ አስተማረ፤ ሕይወት ያለው ነገር በበረዶ አይታሰርም፣ በበረዶ ታስሮ የሚኖር ፈሳሽ ወደ ደም ሲገባ ደሙን ያስረዋል። የማንንም ስም አልጠራም። ቅዳሜ ፍሪጁን ስከፍት ብልቃጦቹ የነበሩበት የበሩ መደርደሪያ ላይ ካሮት ተደርድሯል። ብልቃጦቹን ጓዳ ውስጥ፣ ከሚጥሚጣው ጣሳ አጠገብ አገኘኋቸው። ስነካቸው እንደ ሻይ ብርጭቆ ይሞቁ ነበር። በድሬ ሙቀት ሁለት ቀን እንደዚያ ያደረ ኢንሱሊን ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ለመድኃኒት የበረዶ እስራት ሞት ነው፤ ካሮት ሲታሰር ግን ሱባኤ ይገባል መሰለኝ።

አልተጣላኋትም። መጣላት አልችልበትም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ሌላ አመጣሁ፤ ፋዱማ ፍሪጅ ውስጥ፣ በላስቲክ ከታሰረው የሮቃ ፍሬ ጭማቂ ሥር አስቀመጥኩት። ጠዋት ጠዋት እየወሰድኩ ለመንኳት። ሁለት ሳምንት ያህል «ላንቺ ስል» እያለች ተወጋች። በሦስተኛው ሳምንት ኃይለመለኮት ሰባት ሳምንት ብቻ ያለ መርፌ ብትቆይ ቆሽቷ «እንደ ሕፃን ቆሽት» እንደሚሆን ነገራት። እጇን ከእጄ አወጣች። ስኳሯን የምለካበትን መሣሪያም «ጥርጣሬ ነው» ብላ ደበቀችው። እሺ አልኩ። በዚያ ሰሞን በቀን ስንት ጊዜ እሺ እንደምል ብቆጥር አፍር ነበር።

ሰባቱ ሳምንት ውስጥ የእግሩ ነገር መጣ። እግር ከአፈር ጋር መነጋገር አለበት ተባለ። ጫማ ልክ እንደ እሳት ከገነት በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ ጉባኤተኛው ማለዳ ማለዳ ደቻቱ ወርዶ፣ ውሃ በሌለው የወንዝ አሸዋ ላይ በባዶ እግሩ መሄድ ጀመረ። ደቻቱን የሚያውቅ ሰው አሸዋው ላይ ምን ምን እንደሚጣል ያውቃል። ፋዱማ ስትሰማ «እኛ እዚያ ፍየል እንኳ ጫማ አድርገንላት ብናሳልፍ ደስ ይለን ነበር» አለች።

ስኳር የቆየበት ሰው እግሩ ይደነዝዛል። እናቴ ጠርሙስ ረግጣ፣ ሳይሰማት፣ ከደቻቱ እስከ ሰፈራችን ነምበር ዋን በእግሯ መጣች። ያየሁት እኔ ነኝ፤ ሲሚንቶው ላይ ከበሩ እስከ ወንበሯ አንድ አንድ ነጠብጣብ። ስብርባሪውን ከትንሿ ጣቷ ሥር ሳወጣው ጋዜጣ ታነብ ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳት። ቁስሉ ላይ የፓፓያ ልጣጭና ማር ተደርጎ፣ በጥሬ ጎመን ቅጠል ተጠቀለለ። ቅጠሉን ጠዋትና ማታ የሚቀይሩ ሁለት የጉባኤ ሴቶች ተመደቡ፤ እየዘመሩ ይቀይራሉ። እኔ ክፍሉን እንድለቅ ተደረግኩ፤ ጥርጣሬ ቁስልን ያመረቅዛል ተብሏል።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። ጠዋት ስገባ ከንፈሯ ደርቆ፣ ስሜን ትታ በእህቷ ስም ጠራችኝ። ተኝታ ውሃ ውሃ ትላለች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ያብረቀርቃል፤ ከትንሿ ጣት ወደ ላይ ቀይ መስመር ወጥቷል። የዚያ መስመር ትርጉም ምን እንደሆነ ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ እኔ ግን ዲግሪም ነበረኝ። «እማዬ፣ ተነሺ እንሂድ» አልኳት። መምህር ሳይመጣ አልነሣም አለች። አቅፌ ላነሣት ሞከርኩ፤ ከበደችኝ፤ ደግሞ ገፋችኝ። ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣች አላውቅም።

መምህር አራት ሰዓት ላይ መጣ። ብቻውን አልመጣም፤ አሥር አሥራ አንድ ሰው አስከትሏል፣ ጋሽ ክፍሉ አንዱ ነው። ሳሎን ሞልቶ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ኃይለመለኮት አልጋው አጠገብ ወንበር ተሰጠው። ግንባሯን በእጁ ጀርባ ነካ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያ ፊቱ በራ። እውነቱን ለመናገር አላስመሰለም፤ የእውነት ደስ ብሎት ነበር። አጭበርባሪ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ አጭበርባሪ ይፈራል።

«ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ» አለ፣ «ይህን ሰዎች ምን ይሉታል? ትኩሳት። ቃሉን ስሙት። ትኩሳት ከምን መጣ? ከትኩስ! የእናታችን ሥጋ የሞተውን ጥሎ ትኩስ መሆን ጀመረ። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል።»

በሩ ላይ የቆሙት «እሰይ» አሉ። አንዷ እልል ልትል ጀምራ፣ በሽተኛ አጠገብ መሆኗ ትዝ ብሏት አፏን ያዘች። እኔ ጋሽ ክፍሉን አየሁት። መስመሩን አይቶታል፤ እግሯ ከአንሶላው ውጭ ነበር። ዓይኔን ሲያገኘው ጥፍሩን መመርመር ጀመረ። ያልታጠበ እጅ የሚያባርረው ሰውዬ።

ኃይለመለኮት ወደ እኔ ዞረ። ድምፁ ለስላሳ ነው። «ልጄ፣ ይህን ጻፊው፤ ለሳምንቱ ትምህርት ይሁን። ርእሱን ትኩሳት በይው።»

ብዕሩ እጄ ላይ ነበር። ደብተሩም። የሚጠበቅብኝ እሺ ማለት ነው፤ አፌም ለመደው፣ ለእሺ ተከፍቶ ነበር።

«ይሄን አልጽፍም» አልኩ።

በጣም በዝግታ ስለተናገርኩት መልሼ እንድናገረው ተጠየቅኩ። ያፈርኩት ያኔ ነው፤ ሰው አንድን ነገር አንዴ ለማለት ሃያ አምስት ዓመት ሲፈጅበት፣ ወዲያው ድገመው ይሉታል። ደገምኩት።

«አልጽፍም። የታሰረ ጎመንም ይሞቃል። የሚሞቀው ትኩስ ስለሆነ አይደለም።»

ኃይለመለኮት አልተቆጣም። ትምህርት ሲበዛ ልብን እንደሚያበስል፣ እኔም ከብዙ መጻሕፍት የተነሣ እንደ ተጎዳሁ፣ ግን ተስፋ እንዳለኝ ለተሰበሰበው ሕዝብ አስረዳ። ሕዝቡ በርኅራኄ አየኝ። በዚህ መሃል ሰዎቹን በክርኗ እየገፋች ፋዱማ ገባች። የሮቃ ጭማቂ ይዛ በሽተኛ ልትጠይቅ ነበር የመጣችው፤ ቀዝቃዛውን ላስቲክ ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገሬን ሰምታ ኖሯል።

ጭማቂውን ለጋሽ ክፍሉ አስያዘችው። ማንንም ሳታስፈቅድ የጎመኑን ቅጠል ፈትታ፣ እጇን እናቴ ቁርጭምጭሚት ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ባቷ ላይ፤ ከዚያ ወደ ቁስሉ ተመልሳ። ጆንያ የምትፈትሽበት አያያዝ ነው። ቅጠሉን አሸተተችው። ከዚያ ኃይለመለኮትን አየችው።

«አንተ» አለችው። እዚያ ክፍል ውስጥ እሱን አንተ ያለው ሰው ሰምቼ አላውቅም። «ከኔ ጎመን ስትወስድ እጅህን ጆንያ ውስጥ ትከታለህ። ከሞቀ አትወስድም። እዚህ ለምን አልከተትክም?»

ከበሩ አካባቢ አንዲት ሴት «ከማን ነው የሚወስደው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች። ኃይለመለኮት ስለ ጎመንና ስለ ሰው ልዩነት አንድ ነገር ጀመረ፤ ሰው ነፍስ አለው፣ ጎመን ግን... እዚህ ላይ ቆመ። ጎመንም ነፍስ እንዳለው ባለፈው ማክሰኞ አስተምሮ ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አራት ነጥብ ያስገባሁበትን ቦታ ሁሉ አስታውሳለሁ።

ፋዱማ እሱን መስማት ትታ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የእናቴን እጅ አንጓዋ ላይ ያዘች፣ ያኔ ቀፊራ እንዳደረገችው።

«የኔነሽ፣ እኔን አትስሚ። ልጅሽንም አትስሚ። እሱንም ተዪው። ራስሽ ክተቺ።»

የእናቴን መዳፍ የእናቴ እግር ላይ አደረገችው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ጣቶቿ ያበጠው ቦታ ላይ ትንሽ ቆዩ፤ ወደ ታች ወደ ትንሿ ጣት ሄዱ፤ ተመለሱ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጸሎት መስሎት ኃይለመለኮትም ጎንበስ አለ።

«ጎመን ነው» አለች እናቴ።

ማንም አልሳቀም። ዓይኗን ገልጣ ፈለገችኝ፤ በሩ አጠገብ ደብተሩን እንደ ጋሻ ደረቴ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ። በዚህ ጊዜ በስሜ ጠራችኝ።

«ስምረት፣ ነጠላዬን አምጪ።»

ኃይለመለኮት ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ሰባቱ ሳምንት ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ብቻ እንደቀረው አስታወሳት። እናቴ እጇን ወደ ነጠላው ዘረጋች። ነጠላውን ትከሻዋ ላይ ሳደርግላት፣ ሁለቱ ቅጠል ቀያሪ ሴቶች አንዷ ለሌላዋ እምነት እንዲህ በቀላሉ መጉደሉ እንደሚያሳዝን ነገረቻት። ፋዱማ ወደ ግቢው ወጥታ ባለ ባጃጁን ጦልሃን ጠራችው፤ ጦልሃ ጫት ከጉንጩ ሳያወጣ ሮጦ መጣ። እሱ በአንድ ወገን፣ እኔና ፋዱማ በሌላ ወገን ይዘን ስናወጣት፣ የጉባኤው ሰዎች መንገድ ለቀቁልን እንጂ የረዳን አልነበረም። ጋሽ ክፍሉ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ የሮቃ ጭማቂው በጣቶቹ መሃል እየቀለጠ ይንጠባጠብ ነበር። ሳልፍ «የደም መመረዝ ይመስላል» አለኝ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው አድርጎ። ፈተና ላይ ቢሆን ሙሉ ነጥብ ያገኝ ነበር።

ባጃጁ ውስጥ እናቴ ራሷን ፋዱማ ላይ ጥላ፣ ከዚራን በዛፎቹ ጥላ ሥር አልፈን ስንሄድ ተናገረች። ያ ካሮት የእውነት የፋዱማ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ፋዱማ አዎ አለቻት፤ የአሥራ አንድ ሰዓቱ። እናቴ ጠዋት የሚመጣው ይጣፍጥ እንደሆነ ጠየቀች።

ሐኪም ቤት ስኳሯ ሲለካ አራት መቶ ስድሳ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ቁስሉ ላይ ምን እንደተደረገ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የጎመን ቅጠል የሚለውን ስትጽፍ እጇ አንድ ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ ጻፈችው። ከዚያ ቀና ብላ የእናቴን ፊት አየችና «እንዴት አደርሽ፣ እማማ?» አለቻት።

የዚያ ሳምንት ትምህርት በቴሌግራም በሰዓቱ ወጣ። ርእሱ «ትኩሳት» ነው። «ሕያው» በሀሌታው «ሀ» ተጽፏል፤ ነጠላ ሰረዝ የለውም፤ ከሥሩ ሦስት መቶ ሰው አሜን ብሏል።

የእናቴ ሁለት ጣቶች ተቆረጡ። በአሥራ አራተኛው ቀን ወደ ቤት መጣች። የፍሪጁን በር መደርደሪያ ካሮት አውጥቼ ለፋዱማ ፍየሎች ሰጠሁ፤ ኢንሱሊኑን ከፋዱማ ፍሪጅ አምጥቼ ቦታው መለስኩ፤ ሻይም አፈላሁላት። ጠጣችው።